ስሙ የማይጠራ ልብስ

እናቴ ጡት መያዣን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያንን ነገር አቀብይኝ» ትላለች፤ እኔም የትኛውን ነገር ብዬ አልጠይቅም። ሱሉልታ ባለው ግቢዋ ሲታጠብም ያው ነው። መጀመሪያ እሱ ገመዱ ላይ ይሰጣል፣ ከላዩ ነጠላ ይደረብበታል፣ ነጠላው ደግሞ ነፋስ እንዳይገልጠው በመቆንጠጫ ይያዛል። ፀሐይ እንኳ እንዳታየው! የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። በየግቢው የተሰጣውን ነጠላ ብዛት አይቶ የሚገረም ሰው ካለ፣ ግማሹ ዘበኛ መሆኑን ይወቅ።

የኔ እንጀራ ደግሞ እሱው ነው። ሰበታ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ወደ ውጭ የሚላክ ጡት መያዣ እፈትሻለሁ። ስፌቱን እስባለሁ፣ መንጠቆውን እሞክራለሁ፣ ከጎኑ የምትሰፋዋ ምልክት በቦታዋ መሆኗን አያለሁ። ምልክቷ ላይ የዕቃው ስም በብዙ ቋንቋ ተደርድሯል። ከምሳ በኋላ ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲያጉረመርሙ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ያኔ ቃላቱ ከጨርቁ እየተነሱ አዳራሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስለኛል። ትርጉማቸውን ስልኬ ላይ መፈለግ የጀመርኩት እንቅልፌን ለማባረር ነበር።

ፈረንሳዮቹ «ሱቲያን ጎርዥ» ይሉታል፤ የጉሮሮ ድጋፍ እንደማለት ነው። ጡት ማለት አፍረው በጉሮሮ ሸፈኑት። እነሱም ነጠላ አላቸው ማለት ነው። ጀርመኖቹ አያፍሩም፣ የደረት መያዣ ብለውት ቁጭ። ጣሊያኖቹም የሚደግፍ ነገር ይሉታል፤ ለእኛ የተዉልን ቃል ግን ሌላ ነው፣ ሙታንታ። ጥንት መነሻው የሚለወጥ ነገር ማለት ነው አሉ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ምክር እንጂ ስም አይመስልም። የእንግሊዞቹ ብራም ከፈረንሳይ የሄደ ነው። ድሮ ድሮ የክንድ መከላከያ ነበር፤ ከክንድ ተነስቶ ቀስ እያለ ደረት ላይ ደረሰ። ቃልም እንደ ተከራይ ቤት ይቀያይራል።

አምና የእናቴ ግራ ጡት በቀዶ ሕክምና ወጣ። ቁስሉ ዳነ፣ ሐኪሞቹም በሽታው ሄዷል አሉን፣ ተመስገን። ያልዳነው ሌላ ነበር። እናቴ መታቀፍ አቆመች። ድሮ እንግዳ ሲመጣ አንገቱን አቅፋ፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ካልሳመችው ሰላም ያለችው አይመስላትም ነበር። አሁን ከሩቅ እጇን ትዘረጋለች። «ቁስሌን ያመኛል» ትላለች። ለእኔም እጅ ተዘረጋልኝ። ለልጇ! ያን ቀን በጣም ተናደድኩባት።

በኦሮምኛ ጡት ሀርማ ነው፤ እናት ደግሞ በቁልምጫ ሀርሜ። በመመለሻው ሚኒባስ መስኮቱ ላይ ጭጋግ ተኝቶ፣ እነዚህ ሁለት ቃላት እየተፈራረቁ ይመጡብኝ ነበር። አንዱ ሲወሰድ ሌላውም አብሮ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፣ እንደ ድሮው እንድታቅፈኝ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ እስኪያፍር ድረስ አለቀስኩ።

ስለዚህ «ያንን ነገር አምጪልኝ፣ ሰፋ ያለ» ብላ ስትደውልልኝ ዓለሜን አየሁ። ከፋብሪካው አንዲት ክር ይዞ መውጣት አይቻልምና ቡራዩ ሄድኩ። እዚያ ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች፣ የሴት ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ አለች።

«አካም ጅርታ፣ እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?»

«ጡት መያዣ፣ ለእናቴ።»

«ሱቲያን በይኛ!» አለች እየሳቀች።

የፈረንሳዩ ቃል በቤይሩት ዞሮ፣ ጉሮሮውን መንገድ ላይ ጥሎ ቡራዩ ገብቷል። የቀረው ድጋፍ ብቻ ነው። ስለ እናቴ ስነግራት ሳቋን ተወችና ራሷ መረጠችልኝ። «ማንገቻው ሰፊ ይሁንላት፣ ትከሻዋን እንዳይቆርጣት» አለች።

እናቴ ባዶውን ጎን መጀመሪያ በጥጥ ሞላችው። ጥጡ ቀለለና ወደ አንገቷ እየወጣ አስቸገራት። ፈረንሳዮቹ የጉሮሮ ድጋፍ ያሉት ለካ እውነታቸውን ነው ብዬ ልቀልድ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ዋጥኩት። ከዚያ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ ገብስ ሞላችበትና ከውስጥ በኩል አጥብቃ ሰፋችው። ገብስ ይከብዳል፣ ሲራመዱም ከሰውነት ጋር ይሄዳል። መስታወት ፊት ቆማ ትከሻዎቿ እኩል ሲሆኑ አየሁ። ያን ቀንም ግን የሸኘችኝ በእጇ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ ሄድኩ። ጭጋጉ ግቢውን ሞልቶት አጥሩ አይታይም፤ ገመዱ ላይ ያለው ነጠላ አየር ላይ ብቻውን የቆመ ይመስል ነበር። እናቴ ያንን ነገር ከነገብሱ አጥባው ኖሯል። ዝናቡ ስላላባራ፣ እሷም ገልጣ ማየት ስለምታፍር፣ ነጠላው ሥር እንደ ራሰ ሰንብቷል። እኔ ደርቆ ይሆን ብዬ ገለጥኩት።

ገብሱ በቅሏል። ነጫጭ ሥሮች በዳንቴሉ ቀዳዳዎች ወጥተዋል፤ ከላይ ደግሞ ቀጫጭን አረንጓዴ ቡቃያ ጭጋጉ ውስጥ ቆሟል። ያምር ነበር። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እናቴን መጥራት ፈራሁ፣ ግን ጠራኋት።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። አየችው። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች ስል፣

«ብቅል!» አለች። «እኔው የጠላ ብቅል አወጣሁ! ገብስ ረጥቦ ከተሸፈነ ምን እንደሚሆን ስንት ዘመን ሳውቅ!»

«ጌሾ ብቻ ነው የቀረሽ» አልኳት።

ሳቀች። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። እየሳቀች በአጥሩ በኩል ጎረቤቷን ጠራች፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። «ነዪማ፣ ጉድ እዪ!»

ጎረቤቷ መጥታ ቡቃያውን አየችና «ያ ዋቀዮ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» ብላ ፈነዳች። እንባዋ እስኪወርድ ስቃ፣ ሳታስበው እናቴን በሁለት እጇ ጠቅልላ አቀፈቻት። እናቴ ከቀሚሷ ሥር ምንም አልነበራትም፤ የሚሞላላት ነገር ገመዱ ላይ ነው። ወደኋላ አላለችም።

እኔ ነጠላውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀናሁ። አዎ፣ በጎረቤት ቀናሁ። እናቴ በሴትዮዋ ትከሻ በላይ አየችኝና አንድ እጇን አስለቀቀች። ገባሁ። ጉንጬ በግራዋ በኩል አረፈ። ልቧ እዚያው ቆዳዋ ሥር ይመታል፤ እንዲህ ቀርቤ ሰምቼው አላውቅም። ደንግጬ ቀና ልል አልኩ።

«አመመሽ እንዴ፣ እማዬ?»

«አላመመኝም» አለች። «አትልቀቂኝ።»