ውኃው በማን ደጅ ይለፍ

አዘና አካባቢ ባለች የገጠር ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስመደብ ከዳንግላ ይዤ የሄድኩት የውኃ ልክ፣ አንድ ጥቅል ገመድና ብዙ ትዕቢት ነበር። ተዳፋት ላይ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ውኃ ሰው እየመረጠም እንደሚወርድ ያስተማረችኝ ከልጆቿ ጋር ከተራራው ግርጌ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ገበሬው ከማሳው ውኃ የሚያስወጣ ቦይ በማረሻ ያወጣል፤ ፈሰስ ይሉታል። የላይኛው ፈሰስ የታችኛውን ማሳ ስለሚቆርጥ ጠብ አይጠፋም። በጥር ስብሰባ ተጠራና የሁሉም ፈሰስ በአንድ ትልቅ ቦይ ተጠቃሎ በሴትዮዋ ጓሮ እንዲወርድ ተወሰነ። በሌላ በኩል ወዳለው ጅረት እንዳይወርድ ከላይ ያለው ማሳ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የአማቹ ነው። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። የአገሩ ቋንቋ አዊኛ ቢሆንም ስብሰባው ለእኔ ሲባል በአማርኛ ሆነ፤ የእሷ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። የጠየቃት የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። በየካቲት ተቆፈረ፤ ፎቶም አነሳሁት።

ሰኔ ላይ ውኃው ከቦዩ እየዘለለ የቤቷን ግድግዳ ሥር ይበላ ጀመር። ዳገቱ የሁላችን፣ ዝናቡም የሁላችን ነው፤ አደጋው ግን የእሷ ብቻ ሆነ። ሄዳ ብታመለክት ሊቀመንበሩ ከመኸር በኋላ ይታያል አላት። ቤቱ እስከ መኸር እንደማይቆይ ለማወቅ የውኃ ልክ አያስፈልግም።

ከዚያ ያደረገችው እስካሁን ይደንቀኛል። የመንደሩ ሰዎች በየወሩ በሚካኤል ዕለት በተራ የሚደግሱበት የጽዋ ማኅበር አላቸው። ሊቀመንበሩም የላይኞቹ ገበሬዎችም አባል ናቸው፤ እሷም የባሏን ቦታ ይዛለች። ተራዋ እህል በሚገባበት በታኅሣሥ ነበር። እሱን ለጎረቤቷ ሰጥታ ጎተራ የሚራቆትበትን ሐምሌን ወሰደች። ጎረቤቷ መረቀቻት፤ ሌላው ሰው ሞኝነቷን አወራ። ካወሩት አንዱ እኔ ነኝ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን የማኅበሩ አባል የሆነው አከራዬ ይዞኝ ሄደ። ጠላውም ዳቦውም ሞልቷል፤ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ለትልልቆቹ ሰዎች በጓሮው ግድግዳ በኩል አነጠፈችላቸው። ጸሎቱ እንዳለቀ ዝናቡ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከሥሩ ጭቃ ሲገባ ቄሱ ልብሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። እሷ መቅዳቷን ቀጠለች። ሊቀመንበሩ ዋንጫውን እንደያዘ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ሙሴ የሚባሉት የማኅበሩ መሪ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በአዊኛ ጠየቋት። አከራዬ ተረጎመልኝ።

«ይህ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው፣ ልጄ?»

«ከሁላችሁም ማሳ ነው፣ አባቴ» አለች። «እንግዳ ነው ብዬ እስከ ዛሬ ታገሥኩት። አሁን ባለቤቶቹ መጥታችኋል፤ ይዛችሁልኝ ሂዱ።»

የሳቀ አልነበረም። ሙሴው ይህ ሳይስተካከል ጽዋው ከዚህ ቤት ወደ ቀጣዩ ባለ ተራ አይወጣም አሉ። ጽዋ ካልወጣ ማኅበር የለም፤ ማኅበር አፈረሰ መባልን ደግሞ ሊቀመንበርም ይፈራዋል። ውኃውን ወደ ጅረቱ ለመመለስ ሊቀመንበሩ ከማሳው ጫፍ አንድ ቁራጭ መልቀቅ ነበረበት። ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ለቀቀ።

በነጋታው ሁሉም ዶማውን ይዞ ወጣ። እሷ ከፊት ሆና ቦዩ የሚሄድበትን በእግሯ እየረገጠች አሳየች። እኔ ገመዴን ይዤ ተከተልኳት፤ ብለካው አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ከእሷ የምማርበትን ዓመት በትዕቢት ማባከኔ ቆጨኝ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ዶፍ ሲጥል ልይ ብዬ ሄድኩ። ጓሮዋ ጭጭ ብሏል። ግባ አለችኝ። ከበሩ ሥር በገመድ የታሰረ ጓዝ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ በዚያች በገበያ አማርኛዋ የልጆቹ ልብስ ነው፣ ቤቱ ሲናድ ይዤ ልሮጥ ከሰኔ ጀምሮ አስሬው ነበር አለችኝ።

ዝናቡን ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ ቁጭ ብላ ገመዱን ፈታችና የልጆቹን ልብስ አንድ በአንድ በጓሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለች።