ለባዬ ያሳየሁት ጎንደር

«እናኑ እህቷ ሞታ ነጭ ለብሳ ዞረች» ብለው ያሙኝ ነበር፤ ዛሬም የሚያሙኝ አሉ። ይሙኝ! አዎ፣ ዞሬያለሁ። ነጭ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ከእህቴ ልጅ ጋራ ጎንደርን ስዞር ከርሜያለሁ። ምነው እንዲህ አደረግሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

እህቴ ወለላ ትዳሯ ድብ ባሕር ነበር፤ ከጎንደር በማኪና የአንድ ቀን መንገድ። የእኔ ቤት ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። ጣልያን በወጣ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ የበኩር ልጇን ባዬን ስምንተኛ ክፍል እንዲማር እኔ ዘንድ ላከችው። ልጅ ስላችሁ ጢሙን መላጨት የጀመረ ጎረምሳ ነው፤ ያኔ ተማሪው ሁሉ እንደዚያው ነበር። ጨዋ፣ ሸጋ ልጅ። ግን ምን ያደርጋል፣ ከተማ ፈሪ! ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት። ማኪና ጡሩምባ ሲነፋ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። «አንተዬ፣ ማኪናው እኮ አይናከስም» እያልሁ እስቅበታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ገበያ ይወርዳል፤ የድብ ባሕር ሰው ፈልጎ የእናቱን ደኅንነት ለመጠየቅ። ምኞቱ አንድ ነበር። ስምንተኛን አልፎ፣ አስተማሪ ሆኖ፣ ጎንደርን አይታ የማታውቅ እናቱን ማምጣት።

ግንቦት ሦስት ቀን ወለላ ሞተች። የታመመችው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ወሬውን ያመጣልኝ ዳኛው የሚባል ሰው ነው፤ የባሏ የአያ አድማሴ የአጎት ልጅ፣ ድብ ባሕርና ጎንደር የሚመላለስ ነጋዴ። ልጮኽ ስል አፌን በመዳፉ አፈነኝ። «እናኑ፣ በማርያም! አያ አድማሴ አደራ ብሏል» አለኝ። አደራው ይኸውላችሁ፦ የባዬ ፈተና ሰኔ አምስት ተጀምሮ ሰባት ያልቃል። የወለላ አርባ ሰኔ አሥራ ሁለት ነው። ልጁ ፈተናውን ይጨርስ፣ ከዚያ መርዶው ይነገረው፣ ለእናቱ ተዝካር ይደርሳል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ።

እሺ አልሁ። ምን እላለሁ? ቀብሩ እንደሁ አልፏል።

ያንን ለቅሶ እንዴት እንደተቀመጥሁት ልንገራችሁ። ባዬ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ሲወጣ ጎረቤቱ ይገባል፤ ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን እናለቅሳለን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎረቤቴ ሸዋአየሁ ደጅ ትቆምና «መጣ!» ትላለች። ይኼኔ ፊት መታጠብ ነው፣ ሳቅ ነው፣ ወሬ መለወጥ ነው። አንድ ቀን ቀድሞ ደረሰና ሴቱን ሁሉ ዓይኑ ቀልቶ አገኘው። «ምነው?» አለ። «በርበሬ ስንቀነጥስ ውለን» አለች ሸዋአየሁ፤ በርበሬ የሚባል ግን በቤቱ የለም። እሱ እቴ፣ አመነ። «እቴቴ፣ ቤትሽ ሰው አይለየውም፤ ደስ ይላል» አለኝ።

የሚያስጨንቀኝ ቅዳሜ ነበር። ገበያ ከወረደ አንዱ የአገሩ ሰው «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፣ አለቀ። ስለዚህ «አንተ፣ ስምንት ወር ጎንደር ተቀምጠህ ጎንደርን አታውቃትም። እናትህን ስታመጣት ምን ልታሳያት ነው? ና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላዙርህ» አልሁት። በእናቱ ነው ያታለልሁት።

መጀመሪያ የፋሲል ግንብ ወሰድሁት። ዘበኛውን ለምነን ገባን። ደረጃውን ወጥቶ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እቴቴ! የኛ ሰፈር ይታያል!» ብሎ ሲጮኽ ዘበኛው ተቆጣን። በሳምንቱ ቁስቋም ወጣን። ከዚያ አራዳን፣ ጣልያን የሠራውን ፖስታ ቤት፣ ሲኒማ ቤቱንም ከደጅ። ያ ከተማ ፈሪ ልጅ እኔን እየቀደመ ይሄድ ጀመር። ያየውን ሁሉ ይጽፋል፤ የቱ ጋ ዳገት እንዳለ፣ የቱ ጋ እናቱ ጥላ አግኝታ አረፍ እንደምትል። ጉልበቷን ያማታል እኮ። ጉልበቷን ያማት ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የእህቴ መቃብር ሳይደርቅ ከልጇ ጋራ ከልቤ ስቄያለሁ። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁት።

በአራተኛው ቅዳሜ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ሄድን። ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ ያኔ ደረቅ ነበር። ባዬ ወደ ውስጥ ወርዶ መካከሉ ላይ ቆመና «እቴቴ፣ ለጥምቀት እናቴን የት ጋ ላቁማት? ውኃ ትፈራ የለ?» አለኝ።

«እንዴታ! ልጆች ሆነን ወንዝ የማሻግራት እኔ ነበርሁ፣ ነፍሷን ይማ...»

አመለጠኝ። የሞተ ሰው ሲነሣ ሳይጠሩት የሚመጣ ቃል ነው፤ ማን ይይዘዋል?

«ምን አልሽ?»

«ይማራት አልሁ! ጉንፋን ይዟታል አሉ። ለታመመ ይማርሽ አይባልም?»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ታማለች? በቃ ሰኞ እሄዳለሁ።»

«ኧረ ወዲያ! ለጉንፋን ብለህ ፈተና ልትጥል?»

ወጥቶ መጣና ሁለቱን እጆቼን ያዘ። «ወለላ ትሙት በዪ።»

በእኛ ቤት በወለላ የማለ ሰው አይጠረጠርም።

«ወለላ ትሙት፣ ደህና ናት» አልሁት።

ሳቀ። እጄን ስሞኝ ተመልሶ ወረደና የገንዳውን ርዝመት በእርምጃ ይለካ ጀመር። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እህቴን እኔው ራሴ የገደልኋት መሰለኝ።

ሰኔ አምስት ቀን ባዬ ለፈተና ሄዶ ሳይፈተን ተመለሰ። የፈተናው ወረቀት በዝናብ የተነሣ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ነገ ይደርሳል ተባለ። በማግስቱም ነገ፣ በማግስቱም ነገ። ሰኔ አሥር ቀን ቁርጡ ተነገረ፦ ፈተናው አሥራ አምስት ይጀመራል። «እቴቴ፣ ተጨማሪ ማጥኛ አገኘሁ!» ብሎ እየዘለለ ገባ። አርባው አሥራ ሁለት ነው።

«ንገሪው» አለችኝ ሸዋአየሁ። «ነገ ጠዋት የሚነሣ ማኪና አለ። ፈተና ለከርሞም ይኖራል፤ የእናት አርባ ግን አንዴ ነው።»

«አደራ ልብላ?»

«አያ አድማሴ ይደርሳል ብለው እኮ ነው አደራ ያሉሽ!»

እውነቷን ነው። በነጋታው በማለዳ ልነግረው ተነሣሁ። ማኪናው ከወዲያ በኩል ጡሩምባውን ይነፋል። ባዬ መጽሐፉ ላይ አቀርቅሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ቀና ብሎ «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። በወለላ የማልሁበትን አፍ እንዴት ብዬ ልክፈተው? አደራው ምክንያት አይደለም፤ ፈራሁ። «ቁርስህን ብላ» ብዬው ወጣሁ።

በአሥራ ሁለት ቀን ቤት መቀመጥ አቃተኝና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዤው ሄድሁ። ጣራው ላይ የተሣሉትን መላእክት አንጋጦ ይቆጥራል፤ ይሳሳትና እየሳቀ እንደገና ይጀምራል። እኔ ድብ ባሕር ነኝ። አሁን ካህናቱ ገብተዋል፣ አሁን ሰው ማዕድ ቀርቧል፣ አሁን አንዱ «ልጇስ የታለ?» ብሎ ጠይቋል እያልሁ።

ፈተናውን አሥራ ሰባት ቀን ጨረሰ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዳኛው አራት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ባዬ ሲያያቸው ገባው፤ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለሌላ ነገር አይመጣም። «አባቴ ነው?» አለ። እኔ ከጓዳ ወጣሁ፣ አጥፌ ያኖርሁትን ከል ለብሼ። አየኝ።

አልጮኸም። በጮኸ ብዬ ተመኘሁ።

«መቼ?» አለ።

«ግንቦት ሦስት» አለው ዳኛው።

«አርባዋስ?»

«ስድስት ቀን ሆነው።»

በጣቱ ቆጠረ። «ሥላሴ የሄድን ዕለት» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወለላ ትሙት ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ።

«ብዬህ ነበር» አልሁ።

ያኔ ጮኸ። ደረቱን ሲደቃ አራቱም ሽማግሌዎች ሊይዙት አልቻሉም። እኔ ልይዘው ስጠጋ እጄን ገፋው። በዚያው ጠዋት አሳፍረውት ሄደ።

ፈተናውን አለፈ፤ ያውም ከቀዳሚዎቹ ጋራ። አስተማሪም ሆነ። ጎንደር ግን አልተመለሰም። ሰው ብልክበት መልስ የለም። በከተማው ሲያልፍ እንኳ ከማኪናው አይወርድም አሉኝ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ለዘመድ ሠርግ አዲ አርቃይ ሄድሁ። እዚያ እንደሚያስተምር አውቃለሁ፤ ለሠርጉ ብዬ አይደለም የሄድሁት። ዳሱ ውስጥ ከአስተማሪዎች ጋራ ተቀምጦ አገኘሁት። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ቁርጥ ወለላን። ሲያየኝ ብድግ አለና ነጠላውን አስተካክሎ እጅ ነሣኝ።

«እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ።

ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞር አልሁ። ማንም የለም።

«ባዬ፣ በሞትሁት፣ አንቺ በለኝ» አልሁት። «ስደበኝ፣ ፊቴን በጥፊ በለኝ። ብቻ አንቺ በለኝ።»

«ምን በድለውኝ እሰድብዎታለሁ?» አለ በለሰለሰ ድምፅ። ወንበሩን ለቆልኝ፣ ክንዴን ደግፎ አስቀመጠኝ። «መንገዱ አድክሞዎት ይሆናል። እህል ቀምሰዋል?»