ያልተቃጠለው ሣር

ባለፈው ኅዳር ልጄ ባለ ማርሽ ሳይክል ገዝታ መጣች። ነርስ ናት፤ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ በባጃጅ መመላለሱ ሰልችቷታል። ግቢው መሀል አቁማ “አባዬ፣ እስቲ መጀመሪያ አንተ ሞክራት” አለችኝ። ሃምሳን ተሻግሬያለሁ፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። እንቢ ልላት አፌን ስከፍት እጄ ቀድሞኝ መሪውን ያዘ። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ቀይ መንገድ ከአሶሳ ወጣሁ። የመንገዱ ዳርና ዳር ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል። ስመለስ ልጄ በር ላይ ቆማ “ቆየህ እኮ” አለችኝ። የቆየሁት ሠላሳ ዓመት እንደሆነ አልነገርኳትም።

እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። በደርግ ጊዜ ከወሎ ስንመጣ አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴን በሦስተኛው ክረምት ወባ ወሰደው። እናቴ እኔንና ሁለት እህቶቼን በማሽላና በሰሊጥ አሳደገችን። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ሁለት ዓመት ያለሥራ ስንገላታ ከርሜ፣ ሽመል ለሚባለው የቆላ ቀርከሃ ጥብቅ ደን ጠባቂ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። የሚጠየቀው ማንበብና መጻፍ፣ እንዲሁም ሳይክል መንዳት ነበር። ማንበቡን እችል ነበር። ሳይክሉን እችላለሁ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ በክርኔና በጉልበቴ እየወደቅሁ ውሸቴን እውነት አደረግሁት።

የሰጡኝ ሳይክል ማውንቴን የሚባለው ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ማርሹ ሃያ አንድ። ለተራራ የተሠራ ዕቃ ለእኔ ሜዳ ተላከልኝ። የማልፍባቸው መንገዶች እንደ ጠረጴዛ የተዘረጉ ነበሩ፤ ከሃያ አንዱ ማርሽ በአንዱ ብቻ ሠርቼ ሃያውን አዲስ እንደሆኑ አስረከብኩ ማለት እችላለሁ። እናቴ ማታ ማታ ዝናብ እንዳይነካው ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ ታስገባው ነበር። “ይኼ ብረት ነው የሚያበላን፤ በሉ ጠጋ በሉለት” ትላለች እህቶቼን።

ያን ሥራ እንዴት እንደወደድኩት ልናገረው አልችልም። ጠዋት ጨፌውን ሳቋርጥ ጤዛው እስከ ጉልበቴ ያርሰኛል፤ ከዚያ ሽመሉ ውስጥ ስገባ ፀሐይዋ ትጠፋና ቀዝቃዛ አረንጓዴ ብርሃን ይውጠኛል። ነፋስ ሲነሳ ሽመሎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ያቃስታሉ። መንገዶቹን ያወጣቸው መንግሥት አይደለም፤ የበርታ ገበሬዎች፣ ማር ቆራጮችና ወርቅ አጣቢዎች በእግራቸው የሠሯቸው ናቸው። ችግሬ የተቆረጠ ሽመል ጉቶ ብቻ ነበር። እንደ ጩቤ የሾለ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የጎማዬን ከመነዳሪ ይበሳዋል። እኔም መንገድ ዳር ተቀምጬ ማስቲሽ ስቀባ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ወዳጄ ሆነ።

ከሁሉም በላይ የተወዳጀሁት አባባ ሐሩንን ነው። ቤታቸው ደኑ ጠርዝ ላይ ነበር፤ ከሽመል የተሠሩ ሠላሳ ያህል ቀፎዎቻቸው በደኑ ዛፎች ላይ ተሰቅለዋል። በዚያ ዓመት ማር ልጃቸውን ሊድሩ አስበው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ የቤታቸው ቋንቋ በርታ ስለሆነ አማርኛን ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጡ ነበር የሚናገሩት። ባለፍኩ ቁጥር “ያ ወለድ፣ ና” ይሉኛል፤ ልጁ ማለታቸው ነው። በማሽላ ገንፎ ላይ ባሚያ አፍስሰው ያቀርቡልኛል፤ ከዚያ ቀይ የከርከዴ ሻይ። የሚዝለገለገውን ባሚያ መጀመሪያ እንዴት እንደምውጠው ጨንቆኝ ነበር። በወሩ ግን ሳልጠራም ሰዓቱን ጠብቄ ማለፍ ጀመርኩ።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ቤታቸው ስደርስ ከወንድማቸው ልጆች ጋር እሳት መምቻ እርጥብ ቅጠል ቆርጠው ከምረዋል። ደጃፉ ላይ ክብሪት አለ። ምን ሊሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“ሣር እናቃጥላለን” አሉ። “ደን ዙሪያውን። ትንሽ፣ ትንሽ።”

እኔ ደነገጥኩ። ኃላፊያችን ሥራ ሲያስጀምረኝ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ከደኑ አካባቢ ጭስ ካየሁ ሳይክሉን አስረክበህ ወደ እናትህ ማሳ ትመለሳለህ” ብሎኛል። ደግሞም የወሎ ልጅ ነኝ። ዛፍ አልቆ አገር ሲራቆት አይቼ የመጣሁ ሰው፣ ሣር ላይ እሳት መለኮስ ለእኔ እብደት ነበር። የጥበቃ ባርኔጣዬን አስተካክዬ ክልክል ነው አልኳቸው።

አባባ ሐሩን አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ሣር ነቀሉና እጄ ላይ አስቀመጡት። ታቹ አረንጓዴ ነበር፤ ይቀዘቅዛል።

“አሁን ሣር እርጥብ ነው። እሳት ይበላል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ይሞታል። ጥር ሲመጣ ሣር ሁሉ ደረቅ ነው። ያኔ እሳት ይመጣል፤ ከየት እንደሚመጣ አላህ ያውቃል። አሁን ዙሪያው ከተቃጠለ የሚበላው የለም፤ ይመለሳል።”

ዛሬ ይኼን ነገር ማንም የደን ባለሙያ በስብሰባ ላይ ተነስቶ ያስረዳዋል። እኔ ግን ያኔ የሰማሁት የአንድ ማር ቆራጭ ሽማግሌ ወሬ ነበር። “አባባ፣ እርስዎ ቢያቃጥሉ የምጠየቀው እኔ ነኝ” አልኳቸው፤ ድምፄንም ከፍ አደረግኩት መሰለኝ።

“አንተን ምን ያደርጋሉ?”

“ከሥራ ያስወጡኛል።”

“አባት አለህ?”

“ሞቷል።”

“ቤት ማን አለ?”

“እናቴና ሁለት እህቶቼ።”

ክብሪቱን አንስተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለልጆቹ በበርታ አንድ ነገር ተናገሯቸው፤ ልጆቹ አጉረመረሙ፣ አንደኛው እኔን ገላምጦኝ ቅጠሉን በእርግጫ በተነው። እኔ ደግሞ በባርኔጣዬና በደን ጠባቂነቴ ያሸነፍኳቸው መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ማታ ለእናቴ እንደ ትልቅ ጀብዱ ተረኩላት። እሷ ግን “ሽማግሌ ሰው እንዲህ አይመለስም” አለችኝ።

እሳቱ የመጣው ጥር ሃያ ገደማ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አይታወቅም። እኔ ደኑ ወዲያኛው ጫፍ ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ሽመል ሲቃጠል በየአንጓው ያለው አየር እየፈነዳ እንደ ጥይት ይንጣጣል። ተኩስ መስሎኝ ነበር። ጭሱን ሳይ ሳይክሉን አዙሬ በዚያ ሜዳ መንገድ በረርኩ፤ እንደዚያን ቀን ነድቼ አላውቅም። በሁለቱ ጎን ጥንቸሎችና ጅግራዎች ከእኔ ጋር ይሮጣሉ። አባባ ሐሩን ቤት ስደርስ ሰዉ በእርጥብ ቅጠል እየደበደበ ነበር፤ እሳቱ ግን ከዛፍ ቁመት በላይ ወጥቶ ሰው የሚጠጋው አልሆነም።

ከጭሱ ውስጥ አንድ ሌላ ሽታ ይመጣ ነበር። የሚጣፍጥ ሽታ ነው። የሚቃጠል ማር ነበር።

አባባ ሐሩን ቆመው ያያሉ። ሠላሳ ቀፎ አንድ በአንድ ከነሰሙ ሲነድ ያያሉ። ወደ እኔ ዞሩ፤ አሁን ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“ሳይክሉን ከዚያ አውጣ” አሉኝ። “የመንግሥት ዕቃ ነው። ጎማው ይቀልጣል።”

የልጃቸው ሰርግ ለሌላ ዓመት ተላለፈ። እኔ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ አፈርኩ፤ ዙሪያውን በጨፌው በኩል እዞር ነበር። መሥሪያ ቤቱ አላባረረኝም፤ እንዲያውም እሳቱን በትጋት ሪፖርት ስላደረግኩ አመስግኖኛል። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያመኛል።

ዓመቱ ዞረ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እኛ ሰፈር መጥተው የማያውቁት አባባ ሐሩን አንድ ጠዋት በራችን ላይ ተገኙ። ከሦስት ሰዓት በላይ በእግራቸው መጥተዋል። እናቴ ወንበር አወጣችላቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው። ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉና ወደ እኔ አዩ።

“ያ ወለድ፣ ልጠይቅህ መጣሁ። ዘንድሮ ባቃጥል ከሥራ ያስወጡሃል?”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔን ፈርተው አልነበረም የተመለሱት። እኔ ከሄድኩ በኋላ በሌሊትም በማለዳም ሊያቃጥሉት ይችሉ ነበር፤ ሣሩን ያውቁታል፣ ጥርም እንደሚመጣ ያውቃሉ። ክብሪቱን ኪሳቸው የከተቱት የአንድ አባት የሌለው ልጅ ደመወዝ እንዳይቋረጥ ነው። ቀፎዎቻቸውን በእኔ ሥራ ለወጡ፤ ይኼንንም አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም። አሁንም፣ ያ ሁሉ ከደረሰባቸው በኋላ፣ መልሴ ያስወጡኛል ቢሆን ኖሮ ተነስተው ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብለው እንደሚመለሱ ፊታቸው ላይ አየሁት።

“አያስወጡኝም” አልኳቸው። እርግጠኛ አልነበርኩም። በማግሥቱ አብሬያቸው ሄጄ የመጀመሪያውን ክብሪት የጫርኩት እኔ ነኝ፤ ሪፖርቱ ላይም እንደዚያው ጻፍኩ። ኃላፊው አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኝ። ከዚያ ጥር መጣ፤ እሳትም መጣ፤ ከጠቆረው ጠርዝ ላይ ደርሶ ሞተ። ስለ ሪፖርቴ ዳግም የተናገረ የለም። እኔም በዚያው ሥራ ላይ ቆይቼ ሦስት ልጆች አሳደግኩበት።

አባባ ሐሩን ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ ከወንድማቸው ልጆች ጋር አፈር መልሻለሁ። ከእሳቱ በኋላ በኖሩበት ዘመን ስንት ጊዜ አብረን ተቀምጠናል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ንብ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ስንቱን አውርተናል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ግን አላልኳቸውም። ዛሬ ነገ ስል፣ ቃሉ ያንሳል ስል፣ እሳቸውም ያውቁታል ስል ጊዜው ሄደ። ሰውየው በጎልማሳነታቸው በገበያ በለመዱት አማርኛ፣ ሦስት ሰዓት በእግራቸው መጥተው ስለ እንጀራዬ ጠየቁኝ። እኔ አፌን በፈታሁበት አማርኛ አንዲት ቃል አጣሁላቸው።