በአንድ የስልክ ገመድ

ሰሞኑን ሐይቅ ከተማ ባለው ቤቴ የመስመር ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ እየተቋረጠ አስቸገረኝ። የማነበው ገጽ ግማሹ ላይ ይቀራል፣ የሞደሙ መብራት ይቀላል፣ ስልኩን ዘግቼ ጥቂት ስታገስ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ሰው ከመጥራቴ በፊት ከሞደሙ ጋር የመጣችውን ወረቀት ከአናት እስከ ግርጌ አነበብኳት፤ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ሲዳሩ ስለሆነ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። ወረቀቷ እንዳለችው ሁሉንም ነቅዬ ሞደሙን ብቻውን ሰካሁት፤ አልተቋረጠም። የሳሎኑን ስልክ ድምፁን ከኢንተርኔቱ በሚለየው ማጣሪያ በኩል መለስኩ፤ አሁንም ደህና። የቀረው መኝታ ቤት ያለው አሮጌ ስልክ ነበር፤ ያለ ማጣሪያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ጥፋቱ የሱ መሆኑን ላረጋግጥ እጀታውን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ባደርገው፣ ከመደወያው ድምፅ ሥር ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የመሰለ ሹሹታ ሰማሁ፤ እጀታውን እንደያዝኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

እንዲህ ያለውን ሹሹታ መጀመሪያ የሰማሁት ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጠው የልጅነት ቤታችን ነው። ከቤቱ ፊት በኩል የአባየ የእህል መደብር ነበር፤ ከጆንያዎቹ አጠገብ ወንድሜ ሰይድ በጣውላ ከልሎ ያበጃት ጠባብ ክፍል፣ በክፍሏ ውስጥ ለወጣቱ የሚያከራየው አንድ ኮምፒዩተር። ብሮድባንድ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ኢንተርኔት የሚገባው በዚያው በስልኩ ገመድ እየተደወለ ነው። እሱ ሲገባ ስልክ አይገባም፣ ጓዳ ያለው ስልክ ሲነሳ እሱ ይወጣል። ሰይድ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አባየ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልኩ የከድጃ መምጫ መሆኑን።

ከድጃ ታላቅ እህታችን ናት፤ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው ጁምዓ ጁምዓ፣ አሠሪዎቿ ከቤት ወጣ ሲሉ፣ በሹክሹክታ ነው። እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አፍንጫቸውን መጥረግ ከማያውቁ ሕፃናት መሀል ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ እቀመጣለሁ፣ አንዳንዶቹም ተሳስተው መምህርት ይሉኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባየ ከሶላት ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ በጥልፍ ጨርቅ ከተሸፈነው ስልክ ፊት እንደ እንግዳ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አባየ ትውልዱ አምባሰል ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁ የፈጠነ። ሽመሉ ከበሩ ኋላ ቆማ ትውላለች፤ ከቤታችን ሰው ያልቀመሳት አልነበረም።

አንድ ጁምዓ ከድጃ፣ የቤቱ ጌታ እንደሚደበድባት ነግራው፣ ልምጣ ወይ ብላ ጠይቃዋለች። አባየ ነይ ብሏታል። የሚቀጥለው ጁምዓ ደውዬ ቁርጡን እነግርሃለሁ አለችው። በዚያ ሳምንት አባየ ጓዳውን በኖራ አስለቀለቀ፣ ውጫሌ ድረስ ሄዶ ለሷ የሚታረድ ሙክት ገዝቶ መጣ፣ እማየም አንዴ እያለቀሰች አንዴ እየዘፈነች ቤቱን ገለባበጠችው። ሰይድ ደግሞ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ማሽኑን ላይነካ ቃል ገባ።

ቀኑ ሲደርስ የውጭ ዕድል ፎርም የሚሞሉ ጎረምሶች የሰይድን ክፍል ሞሉት። የመሙያው ቀን ሊያልፍብን ነው ብለው ለመኑት፣ ለአፍታ ብቻ ብሎ ከፈተላቸው። አባየ ጓዳ ሆኖ፣ ልጄ መስመሩ ውስጥ ገብታ ጠፍታብኝ እንደሁ ብሎ፣ በየጥቂቱ እጀታውን ብድግ አድርጎ አሰላሙ አለይኩም ይላል። ባነሳው ቁጥር ማሽኑ ይቋረጣል፤ በተቋረጠ ቁጥር ሰይድ እየተሳደበ እንደገና ይደውላል። ጓዳና መደብሩ ሳይተያዩ ገመዷን ከሁለት ጫፍ ይጎትቷታል፤ በዚህ መሀል ከድጃ ሪያድ ቆማ መስመሩ ተይዟል ትባላለች።

በኋላ አባየ እጀታውን ያነሳው ማሽኑ በሚደውልበት ቅጽበት ላይ ሆነ። ያን ዘመን የነበረ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ከዚያ ሹሹ እያለ ይንሰቀሰቃል፣ ከዚያ አንገቱ እንደተያዘ ሰው ያጓራል። አባየ አመድ መሰለ።

«ልጄ ናት» አለ። «እየገደሏት ነው።»

እማየ እጀታውን ነጥቃ ሰማች፤ እጇን አናቷ ላይ ጭና እሪ አለች። ሰይድ በእሪታው ደንግጦ እየሮጠ መጣ፣ ሰማ፣ ሳቀ።

«አባየ፣ እሱ እኮ ማሽኑ ነው።»

«የልጄን ጩኸት አንተ ልትነግረኝ?»

ሰይድ እየሳቀ አስረዳው። አባየ አዳምጦ ጨረሰ፤ ገባውም። ከድጃ ሰላም ናት ማለት ነው ብሎ የሚረጋጋ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን መንገዷን የዘጋባት ማን እንደሆነ ነው የገባው። ሽመሉን ሲያነሳ አላየሁም፣ ስታርፍ ነው የሰማኋት። ሰይድ ግራ ጆሮውን ይዞ ተንበረከከ፣ በጣቶቹ መሀል ደም ወረደ። አባየ ተራምዶት ወደ መደብሩ ገባ፣ ጎረምሶቹን እየወቃ በተናቸው፣ ኮምፒዩተሩን ከነገመዱ ነቅሎ አስፋልቱ ላይ ፈጠፈጠው። ሰይድ ከኋላው ደርሶ አንገቱን አነቀው። ሁለቱም ጆንያዎቹ ላይ ወደቁ፣ ጆንያው ተቀደደ፣ ጤፉ እንደ ውሃ ፈሰሰና የረገጠው ሁሉ እየተንሸራተተ እላያቸው ላይ ወደቀ። እማየ ልትገላግል ገብታ የሰይድን ክንድ ደም እስኪወጣው ነከሰችው። አልለቀቀም። አባየ ዓይኑ ተገልብጦ እንኳ በሽመሉ እጀታ የልጁን ጎድን ይደቃል።

ማሽኑ ተሰባብሯልና መስመሩ ነፃ ሆነ፤ ስልኩ ጠራ። ከኔ በቀር የሰማው አልነበረም። ሮጬ አነሳሁት።

«የምን ጩኸት ነው?» አለች ከድጃ።

«ሰይድ ነው።»

«ማን ነው የሚመታው?»

«አባየ።»

የሽመሏ ድምፅ በኔ በኩል አልፎ ሪያድ ሲደርስ ይታወቀኛል።

«ለዱላውማ እዚሁም አለልኝ» አለች፤ ዘጋችው።

ጎረቤት ደርሶ አላቀቃቸው። አባየ ጤፍ እንደተነሰነሰበት፣ አንገቱ ላይ ጣት እንደተሳለበት መጣና ምን አለች አለኝ። እንዳለችው ነገርኩት። እጀታውን ከእጄ ወስዶ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ከመደወያው ድምፅ በቀር ምንም እንደሌለ እያወቀ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «አብሽሪ ልጄ» አለ፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ብዙ ቆየ።

ከድጃ አልመጣችም። አባየ ሞተ፣ እማየም ተከተለችው፤ ሁለቱም ዳግም አላዩዋትም። ከድጃ እዚያው ሌላ ቤት፣ ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ከዚያ ባልና ልጆች አገኘች፤ ልጆቿ እኛን ሲያዩ በዓረብኛ አፍረው ይደበቃሉ። አሁን ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ቀን በስክሪን እናያታለን፤ ሸብታለች፣ ሳቋ የእማየን ሆኗል። ሰይድ አጠገቤ ይቀመጣል። የምትለውን ለመስማት ግን ደህናውን ጆሮውን ወደ ስክሪኑ ማዞር አለበት፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ይሆናል። ከሄደች ወዲህ ስትናገር አይቷት አያውቅም።