አይሸትም ያልኩት ሱፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለአክስቴም፣ ሰው ሁሉ ያለበትን አውጥቶ በሚያለቅስበት የጸሎት ቡድናችን ውስጥም አልተናገርኩም። ተራዬ ሲደርስ ስለ ሐሜቴ ንስሐ እገባለሁ፣ ስለ ቁጣዬ ንስሐ እገባለሁ። የማቴዎስን ሱፍ ግን ዋጥ አድርጌ እቀመጣለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ይመጣል። እስኪመጣ በእናንተ ላይ አፌን ላሟሽ።

ማቴዎስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ተመርቀን ሥራ ስንፈልግ እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ እሱ ከእኛ በር ማዶ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ክፍል ውስጥ ያልገባኝን እየደጋገመ ያስረዳኝ የነበረው እሱ ነው። ያን ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ሁለታችንንም ለቃለ መጠይቅ ጠራን። የሚቀጥረው ግን አንድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የአክስቴ ፊት ከብዶኝ ነበር፤ ማዕድ ስቀርብ እጄ ይሸማቀቅ ነበር። ይህን የምለው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ወይስ ነው? እንጃ።

የማቴዎስ ሱፍ ጫሞ ዳር ወላጆቹ ቤት፣ መረቡና ዓሣው ያለበት ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የከረመ ነው። ደህና ሱፍ ነው፣ ከበድ ያለ፣ ጥቁር ሰማያዊ። "እህቴ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ሽታውን አጥፊልኝና ተኩሺልኝ" ብሎ ሰጠኝ። እውነቱን ነው፣ አውቅበታለሁ። አክስቴ ናት ያስተማረችኝ። ሱፍ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። በብሩሽ ይጠረጋል፣ ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውሃ ነክረው በጨመቁት ጨርቅ ይታበሳል፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ንፋስ ላይ ይሰነብታል። ካውያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም በእርጥብ ጨርቅ ላይ። ሽታው ሳይወጣ ከተተኮሰ ጉድ ነው፤ ሲቀዘቅዝ የጠፋ ይመስላል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይነሳል።

ይህን እያወቅኩ ነው የተኮስኩት። አላናፈስኩትም። ኮምጣጤው መደርደሪያው ላይ ነበር፣ አላነሳሁትም። እርጥቡን ጨርቅ አንጥፌ ካውያውን ስጫነው እንፋሎቱ የዓሣ ሽታ ይዞ ፊቴ ላይ ወጣ። ያኔ ማቆም እችል ነበር። ለማናፈስ ጊዜም ነበረኝ። መስኮቱን ከፍቼ መተኮሴን ቀጠልኩ። የሱሪውን መስመር ብታዩት ምላጭ ነው። እንዲያ አሳምሬ ነው የበደልኩት።

በቀጠሯችን ቀን ጠዋት ሊወስደው መጣ። የኮቱን እጅጌ አፍንጫው ላይ አድርጎ ቆየ።

"ትንሽ አይሸትም እንዴ?"

"ኧረ ምንም አይሸትም። ከዓሣ ጋር አድገህ አፍንጫህ ላይ ቀርቶ ነው" አልኩት እየሳቅኩ።

እሱም ሳቀና ለበሰው።

ተራችን የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ቬንትሌተሩም አይሠራም ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ላብ ሲያጠምቀው ሽታው ከትከሻው ተነሳ። በወዲያ በኩል የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ፈቀቅ አለች። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። መጀመሪያ እሱ ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ። "ወንድሜ፣ ከዓሣ ገበያ ነው የመጣኸው? እስቲ መስኮቱን ክፈቱት" አለ ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ የማቴዎስ ድምፅ መንተባተብ ጀመረ። መልሱን እኮ ያውቀዋል፤ እኔን ያስጠናኝ እሱ ነው። ቀጥሎ እኔ ገባሁ። የተቀጠርኩትም እኔ ነኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የመመለሻው ነገር ነው። ባጃጅ ውስጥ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አጣጠፈና "አሳፈርኩሽ አይደል?" አለኝ። "ጠዋት እኮ ሸቶኝ ነበር። አንቺ አይሸትም ስትዪኝ አፍንጫዬን ጠረጠርኩ።" አፍንጫውን ጠረጠረ፤ እኔን አልጠረጠረም። እኔ መንገድ መንገዱን ማየት ያዝኩ።

እሱ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦታ ለመወዳደር ልቡ እምቢ አለው። ወደ ጫሞ ተመልሶ አሁን ከአባቱ ጋር ጀልባ ላይ ነው። ስንገናኝ ዓሣ ይሰጠኛል፤ እቀበለዋለሁ፣ ጠብሼ እበላዋለሁም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አንዳንዴ "ሽታው ባይኖርም ላያልፍ ይችል ነበር" እላለሁ። ውሸቴን ነው። እንደሚያልፍ አውቄ ነው የተኮስኩት።

አሁን ሊያገባ ነው። ያንኑ ሱፍ እናቱ ይዘውልኝ መጡ። "ልጄ፣ ያኔም የተኮስሽለት አንቺ ነሽ፤ የሠርጉም ካንቺ እጅ አይውጣ" አሉኝ። ጠረግኩት፣ አበስኩት፣ ጥላ ውስጥ አሰነበትኩት፣ ዛሬ ጠዋት ተኮስኩት። እንፋሎቱ ውስጥ ፊቴን ከትቼ ፈለግኩት፤ ሽታው የለም።

እናንተ አይዞሽ አትበሉኝ። ሠርጉ ሲያልፍ ትነግሪዋለሽ አትበሉኝ፤ በዚያ ዓይነት ሰበብ ነው እዚህ የደረስኩት። ሲመጣ እንደ ያኔው እጅጌውን አሽትቶ ወደ እኔ ይዞራል። "አይሸትም አይደል?" ይለኛል። አይሸትም፣ እውነቴን ነው። ግን ይህን ከማለቴ በፊት ያኔ ይሸት እንደነበር፣ እንደሚሸትም አውቄ እንደነበር እነግረዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አፍንጫውን ይመን።