ሊማሊሞ ላይ ቀይ ባንዲራ

አጎቴ ደውሎ ግቢው በር ላይ እንድጠብቀው ሲነግረኝ ድምፁ የወትሮው ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ዛሪማ ላይ መታመሙን፣ እናቴም ልትጠይቀው ከዳባት መነሳቷን፣ እኔም አብሬያት ብወርድ ደስ እንደሚላት ነገረኝ። ያኔ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ አዲስ ተማሪ ስለነበርኩ ከክፍል መቅረት ያስፈራኝ ነበር። መምህሩን አስፈቀድኩ፣ የተማሪ መታወቂያዬን ያዝኩ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅም አንድ ፌስታል ብርቱካን ገዛሁ። የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን እህል የሚያመላልስበት አሮጌ ፒካፕ አለው። ከኋላ ወንበር ላይ እናቴና አንዲት የዳባት ጎረቤታችን ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ከእናቴ የሚበልጡ፣ ወሬ የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። እኚህ ሴት ለምን እንደመጡ አልገባኝም፤ የእኛ ጎረቤት ከመሆን አልፎ ከእናቴ ወንድም ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ሰላም ስላቸው ጉንጬን ስመው ዝም አሉ። እናቴ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከፊት ገብቼ ብርቱካኑን ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ አጎቴ አየት አደረገው።

«ለማን ነው?»

ለታማሚው ነው አልኩት። እሱም ማርሽ አስገባ። ዞር ብዬ ሳይ የሁለቱም ሴቶች እጅ ባዶ ነው። ዳቦ የለም፣ ወተት የለም። እናቴ ለጎረቤት ጉንፋን እንኳ አጥሚት ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። ቸኩላ ይሆናል ብዬ የራሴን ብርቱካን አጥብቄ ያዝኩ፤ ቢያንስ እኔ አላሳፈርኳትም።

ከደባርቅ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በዚያን ሰሞን ይሠራ ነበር። በመስኮት አየዋለሁ እንጂ የትኛው መንገድ፣ የትኛው የመንገድ ፍርስራሽ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አዲሱ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ይጀምርና ጠጠር ክምር ላይ ያበቃል። አሮጌው በግማሽ ተቆርሶ ከጎኑ ገደል ይታያል። ተለዋጭ መንገድ የተባለው ደግሞ በሰው ገብስ ማሳ ዳር ይዞራል። አንዱ ጋ አቧራው የፊታችንን መኪና ይውጠዋል፤ ትንሽ እልፍ ሲሉ ውሃ የሚረጨው ቦቴ ስላለፈበት ጭቃው ጎማ ይይዛል።

ከሁሉም ያስቸገረን የድንጋዩ ነገር ነው። በእኛ አገር መኪና ሲበላሽ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። የመንገድ ሠራተኞቹም አንዱን ጎን ሲዘጉ የሚደረድሩት ድንጋይ ነው። አጎቴ በእያንዳንዱ ድርድር ፊት ፍጥነት ይቀንሳል፣ አንገቱን ያወጣል፣ ይገምታል። ቅጠል ያለበትን አንዱን የተበላሸ መኪና ነው ብለን በጎኑ አለፍነው። መኪና አልነበረም፤ መንገዱ ራሱ አለቀና አንድ የመንገድ መዳመጫ ሩሎ ፊት ለፊታችን ቆሞ አገኘነው። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ተመለሱ እያለ እጁን ያወናጭፋል። አጎቴ ወደኋላ እየነዳ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። የእናቴ ወንድም ከታመመ ስንት ቀኑ ነው ብዬ ጠየቅሁ።  ጎረቤታችን «እሱ መንገዱን ይይ ልጄ» አሉኝ።

የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሲጀምር ተሽከርካሪው ሁሉ ቆሟል። ወደ ድንበር የሚወርዱ ተሳቢዎች፣ አንድ አውቶቡስ፣ ገልባጮች። ከፊት ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ ሰው ቀይ ባንዲራ ይዞ ቆሟል። ጠዋት በድማሚት የተናደው ቋጥኝ ገና ስላልተነሳ መንገዱ የሚከፈተው ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደሆነ የአውቶቡሱ ረዳት ነገረን። በገደሉ ጫፍ ግን ለአንድ ትንሽ መኪና የሚበቃ ማለፊያ ስላለ አምቡላንስና ለቀብር የሚሄድ ሰው ይለቀቃል አለ።

አጎቴ ይህን እንደሰማ ወርዶ ወደ ባንዲራ ያዡ ሄደ። እኔም ለመርዳት ብዬ መታወቂያዬን ይዤ ተከተልኩት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኔን ቢያይ የሚያከብረን መስሎኝ ነበር። ስደርስ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለቀብር እንደምንሄድና ሟቹ በዘጠኝ ሰዓት አፈር እንደሚገባ እየነገረው ነው።

ደነገጥኩ። መንገድ ለማለፍ ሲባል በታመመ ሰው ላይ እንዲህ ይባላል? ሟርት ነው። ደግሞም ውሸት ነው።

«አይ፣ አልሞተም። ታሞ ልንጠይቀው ነው» አልኩ፣ ሰውዬው በደንብ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። ብርቱካኑንም በጣቴ አሳየሁት፤ በመኪናው መስታወት ውስጥ ይታይ ነበር።

አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ባንዲራ ያዡ ሻሹን ከአፉ ዝቅ አድርጎ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ በዚህ ሳምንት እኮ በዚህ መንገድ አንድ ቀበሌ ሙሉ ተቀብሯል። ትናንት እናቴን ልቀብር ነው ያለኝ ሹፌር ማታ እናቱን ከጎኑ አስቀምጦ ተመለሰ። ልጅቷ ትሻላለች፣ አታስዋሻት።»

አጎቴ ማለለት፤ ሰውዬው ግን ጀርባውን ሰጠው። ያመሰግነኛል ብዬ አጎቴን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ እንደ አመድ ነጥቷል። እንዲህ የሚያደርግ ምን እንደተናገርኩ ማወቅ አቃተኝ።

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። እናቴ ወረደች። ጎረቤታችን በችኮላ ከኋላ ወርደው ክንዷን ሊይዙ ሲሞክሩ ቀስ አድርጋ አስለቀቀቻቸው። አቧራው መሀል ቆማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቀዘቀችው። ከዚያ ወደ እኛ መጣች።

«ልጄ፣ ወንድሜ ነው» አለችው ባንዲራ ያዡን። «አፈር ሳይመለስበት ልድረስ።»

ሰውዬው ነጠላዋን አየ። ከራሱ ላይ ቆቡን አውልቆ ነፍስ ይማር አለና በሬዲዮ ከታች ካለው ጓደኛው ጋር መነጋገር ጀመረ። አረንጓዴውን ባንዲራ ሲያነሳ እኔ አሁንም መታወቂያዬን ይዤ እንደቆምኩ ነበር።

የገደሉን ጫፍ ይዘን በዝግታ ወረድን። በቀኝ በኩል ከጎማው አጠገብ መሬት አይታየኝም። ከላይ ዶዘር ቋጥኝ እየገፋ ጠጠሩ ጣሪያችንን ያንኳኳል። ሰፊው መንገድ ላይ ስንወጣ አጎቴ ማን እንደነገራት እናቴን ጠየቃት።

«ማንም። ጎረቤቴን ስትጭን ዳባት ላይ አወቅሁት። በሽተኛ ለመጠየቅ ደጋፊ አይያዝም።» ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቀጠለች። «እዚያው ብጮኽ ሰው ይሰበሰባል፣ ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ ትሉኛላችሁ። ከቆማችሁ አልደርስም። ንዳ።»

ለእኔ ለምን እንዳልነገሩኝ ኋላ አጎቴን ጠየቅሁት። ፊትሽ ምንም አይደብቅም ነው ያለኝ።

ግንባታው የሚያልቅበት ጋ ኬላ አለ። ጠባቂው በመስኮቴ በኩል ጎንበስ ብሎ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። አጎቴ መልሱን ለእኔ ትቶ አየኝ። እኔ ደግሞ በመስታወቱ እናቴን አየኋት። በእሺታ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«ለቀብር» አልኩ።

ጠባቂው የእናቴን ነጠላ አየ፤ ጭኔ ላይ ያለውን ብርቱካን አየ፤ እንደገና ነጠላውን አየ። ግራ እንደተጋባ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ዛሪማ ስንደርስ ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ መቃብሩ እየሄደ ነበር። እናቴ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ውስጧ የያዘችው ድምፅ ያን ጊዜ ወጣ፤ ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች ሰምተው ቆሙላት። አጎቴና ጎረቤታችን ግራና ቀኝ ሊይዟት ሮጡ። እኔ ብርቱካኑን ታቅፌ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም። መሬት ላይ መጣል ነውር መሰለኝ፣ ይዞ ማልቀስም እንዲሁ።

አንዲት የማላውቃቸው ሴት መጥተው ፌስታሉን ከእጄ ወሰዱት።

«እኔ እይዘዋለሁ። እናትሽ ጋ ሂጂ።»

ሄድኩ።