የስመኝ መርዶ

ስመኝ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ዳር ባለችው ዋይትሆል ጎረቤቴ ናት። ሥራዋ ሆስፒታል ማስተርጎም ነው፤ ሐኪም በእንግሊዝኛ ያስደነገጠውን ሰው በአማርኛ የምታረጋጋ ሴት ናት። የበኩር ልጇ ፊልሞን ኦቲዝም አለበት። ቅዳሴ መሃል ሲጮህ ይዛው ትወጣለች፤ ሲረጋጋ ይዛው ትገባለች። አንድም ቀን በልጇ አፍራ አንገቷን ስትደፋ አይቻት አላውቅም። እኔ ብሆን ገና ድሮ ቤቴ ተቀምጬ እቀር ነበር።

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ልጇን እርጉዝ ሳለች፣ ወንድሟ ሳህሌ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ባሏ ጀማነህ ወሬውን እንደሰማ የደወለው ለዕድራችን ሰብሳቢ ለጋሼ ሰብስቤ ነበር። ኮሎምበስ ውስጥ እሳቸው መርዶ ያልነገሩት ሐበሻ የለም ማለት ይቻላል፤ ንጋት ላይ በርዎን ካንኳኩ ወዮልዎ። በዚያ ቀን ግን "እስክትወልድ ማንም ትንፍሽ እንዳይል" አሉን። ለነፍሰ ጡር መርዶ አለመንገር የቆየ ወግ ነው፤ እሳቸው ሳይንስም ጨመሩበት።

"ኤፒጄኔቲክስ ይባላል፤ ዩቲዩብ ላይ ሰማሁት። የእናት ድንጋጤ የልጁ ጂን ላይ ምልክት ይተዋል፣ ኦቲዝምም ከዚያ ይመጣል።"

ሁላችንም አፋችንን ዘጋን፤ እኔም ጭምር።

ስመኝ ለወንድሟ ትደውላለች፤ አይነሳም። ጀማነህ "ኔትወርክ ነው" ይላታል። እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ እምቢ አላት። በመጨረሻ አንዲት ዘመዷ የሳህሌን ፎቶ "ነፍስ ይማር" ብላ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። ስመኝ አልጮኸችም። ጋሼ ሰብስቤን ደውላ ጠራቻቸው፤ ከሚኖሩበት ሰፈር ከክሊንተንቪል እየነዱ መጡ። እኔም ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ሳህሌ ሞቷል አይደል?" አለቻቸው።

ሽማግሌው አቀረቀሩ። "ፊልሞንን ስታረግዢ የአባትሽን መርዶ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። እርጉዝ መሆንሽን አላወቅኩም ነበር። ያን ዩቲዩብ ከሰማሁ ወዲህ ልጁን ባየሁ ቁጥር 'እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት' እላለሁ። አሁንም እንዳልደግመው ብዬ ነው።"

በንዴት ትነሳባቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሕመምተኛ በምታናግርበት ድምፅ ቀስ ብላ ጀመረች።

"ጋሼ፣ ፊልሞንን የሚያዩትን ስፔሻሊስቶች ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ጂኑ ራሱ ያው ነው፤ ምልክቱ የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚል ነው። ጭንቀትም፣ በሽታም፣ ሌላም ሊነካው ይችላል። ኦቲዝም ላይ ድርሻ ይኖረው እንደሆነ ሪሰርች እያደረጉ ነው። ግን አንድ ልጅ አይቶ 'ይሄ የዚያን ቀን ለቅሶ ያመጣው ነው' የሚል ዶክተር የለም። ፊልሞን የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የኔም አይደለም። ልጄ ጥፋት አይደለም። ደግሞስ ለሞተ ሰው ኮል ሳደርግ መክረሜ ስትሬስ አይደለም?"

ጋሼ ሰብስቤ ዕንባቸውን በማስካቸው ጠረጉ። ሐዘን በራሷ ላይ ወርዶ ሌላውን የምታጽናና ሰው ከእሷ በቀር አላየሁም።

"አሁን ይሂዱ" አለቻቸው። "ነገ ጠዋት ሰው ይዘው ይምጡና መርዶዬን በወጉ ይንገሩኝ። ወንድሜ እንደ ነውር ተደብቆ አይቀርም።"

ሊነጋጋ ሲል ሄድን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች፤ ፊልሞን ጫጫታ እንዳይረብሸው ጆሮውን የሚሸፍንበትን አድርጎ ከጎኗ አለ። ጋሼ ሰብስቤ ፊቷ ቆመው ልጁን አዩ፣ ሆዷን አዩ። ስመኝ እጃቸውን ያዘች።

"ይንገሩኝ፣ ጋሼ። ልጆቼን የሚጎዳ ነገር አላደረጉም።"

"ሳህሌ አርፏል፣ ልጄ" አሏት።

ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች፤ እጃቸውን ግን አለቀቀችም።